በሃይላንድ የተለካ ዝናብ

ዛሬ የእህቴን ልጅ ልቀበል ትምህርት ቤቷ ጎራ አልኩ። ልጆቹ ግቢው ውስጥ አንድ ሃይላንድ ከበው ቆመዋል። ጎኑ ላይ ማስመሪያ በፕላስተር ተለጥፏል። የተቆረጠው አናቱ ተገልብጦ ገብቶበታል፣ ውሃው ቶሎ እንዳይተን። የዝናብ መለኪያቸው ነው። አንዱ ተንበርክኮ "14 ሚሊ ሜትር!" ብሎ ጮኸ።

አንዲት ልጅ "ቲቸር፣ ትናንት በረዶ ጥሎ የለ እንዴ? ታዲያ ዓለም ሞቀች ለምን ይባላል?" አለች። ማንም አልሳቀባትም። መምህሩ "ጎበዝ! የአንድ ቀን ብቻውን አይነግረንም። የአየር ንብረትን ለማወቅ የ30 ዓመት ያህል ልኬት ይታያል" አሏት።

በእኛ ጊዜ እንዲህ የጠየቀ ቁጣ ነበር የሚጠብቀው። በ2008ቱ ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገናችን እርዳታ ጠብቋል። እንዲህ ባለ አገር ልጅ ስለ ዝናብ ሳይፈራ ሲጠይቅ ማየት በጣም ደስ ይላል። ወላጆች፣ እስቲ የልጆቻችሁን መምህራን አነጋግሩ፤ ወጪው አንድ ሃይላንድና ማስመሪያ ነው።