«ኪስት አለብሽ» ለተባላችሁ

ፒሲኦኤስ የሚባለው የሴቶች የሆርሞን መዛባት ሲኖር አልትራሳውንድ ላይ በእንቁላል ማምረቻው ዳርና ዳር ተደርድረው የሚታዩት ጥቋቁር ክቦች ዕጢ አይደሉም። ካንሰርም አይደሉም። ማደግ ጀምረው መሀል ላይ የቆሙ ፎሊክሎች፣ ማለትም እንቁላል የሚያድግባቸው ትናንሽ ከረጢቶች ናቸው፤ በአብዛኛው ከ2 እስከ 9 ሚሊሜትር፣ እያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ እንቁላል ያለባቸው።

ይህን ማስቀደሜ የአክስቴ ልጅ እዚሁ ጅማ ከአንድ ክሊኒክ ወጥታ ኸርማታ መርካቶ ጋ ባጃጅ ውስጥ ስታለቅስ ስላገኘኋት ነው። የሰጧት ወረቀት «ብዙ ትናንሽ ኪስት» ይላል። ምን ላድርግ ስትል የተነገራት «ስታገቢ ይስተካከላል» ብቻ ነው። በጣም አናደደኝ። ማግባት የሴል ሥራ አይቀይርም።

ፎሊክሎቹ ለምን ይቆማሉ? ሆርሞን በደም ሁሉም ጋ ይደርሳል፣ የሚሠራው ግን ሪሴፕተሩ (መልእክቱን የሚቀበልለት ፕሮቲን) ያለበት ሴል ላይ ብቻ ነው። ፎሊክሉን ከውጭ የከበቡት ቴካ ሴሎች ኤልኤች ከሚባለው፣ ከአንጎል ሥር ከሚመነጭ ሆርሞን በሪሴፕተራቸው ትእዛዝ ተቀብለው አንድሮጅን (በተለምዶ «የወንድ ሆርሞን» የሚባለውን) ያመርታሉ። ከውስጥ ያሉት ግራኑሎሳ ሴሎች ደግሞ ኤፍኤስኤች በሚባል ሌላ የአንጎል ሥር ሆርሞን ታዘው ያንን አንድሮጅን ወደ ኢስትሮጅን፣ ወደ ሴት ሆርሞን ይለውጡታል። ስለዚህ አንድሮጅን ማንኛዋም ጤነኛ ሴት ውስጥ አለ፣ ችግሩ መብዛቱ ነው። በጤናማ ዑደት ግራኑሎሳዎቹ ለኤልኤች ምላሽ መስጠት የሚጀምሩት ፎሊክሉ ወደ 10 ሚሊሜትር ሲጠጋ ነው፤ ፒሲኦኤስ ኖሮባቸው እንቁላል የማይለቁ ሴቶች ላይ ግን ገና በ4 ሚሊሜትር ገደማ ሲጀምሩ ታይቷል፤ ፎሊክሎቹ መሀል ላይ የሚቆሙት ከዚህ ያለጊዜው ምላሽ ጋር ተያይዞ እንደሆነ ይታሰባል።

እኔን በጣም የገረመኝ ስኳርን ከደም ወደ ሴል የሚያስገባው ሆርሞን፣ የኢንሱሊን ነገር ነው። ብዙዎቹ ታማሚዎች ላይ ጡንቻ ኢንሱሊንን አልሰማ ይላል፣ ቆሽት ደግሞ እንዲሰማ እያለ አብዝቶ ያመርታል። ቴካ ሴሎችም የኢንሱሊን ሪሴፕተር አላቸው፣ እነሱ ግን በደንብ ይሰማሉ! ያ ሁሉ ኢንሱሊን ከኤልኤች ጋር ተደርቦ አንድሮጅኑን ያንረዋል። ጉበትም አንድሮጅንን አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን ይቀንሳል። አገጭ ላይ የሚወጣው ፀጉር፣ አልጠፋ የሚለው ብጉር፣ ለወራት የሚቀረው ፔሬድ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ቀጫጮችም ላይ ይከሰታል።

«በአመጋገብሽ ያመጣሽው ነው» የሚሏችሁን አትስሙ። እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 ቻይና ውስጥ የወጡ ትልልቅ የጂን ጥናቶች ከፒሲኦኤስ ጋር ካያያዟቸው ቦታዎች መካከል የኤልኤች፣ የኤፍኤስኤችና የኢንሱሊን ሪሴፕተር ጂኖች ያሉባቸው ይገኙበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳለው በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ8 እስከ 13 በመቶው ያለባቸው ሲሆን፣ ከእነሱ እስከ 70 በመቶው አያውቁትም።

ደግሞ አልትራሳውንድ ብቻውን አይበቃም። ከሦስት ነገሮች ሁለቱ መገኘት አለባቸው፦ የተዛባ ፔሬድ፣ የበዛ አንድሮጅን፣ የእንቁላል ማምረቻው መልክ። የታይሮይድ ሆርሞንና ፕሮላክቲንም (የጡት ወተት ሆርሞን) መታየት አለባቸው፣ እነሱም ፔሬድ ያዛባሉ። ልጅ አሁን የማትፈልግ ሴትም ችላ ልትባል አይገባም፤ ፔሬድ ለወራት ሲቀር የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን እየወፈረ ሊሄድ ይችላል፣ የስኳር በሽታ ስጋትም አለ። እንደ ሁኔታው ፔሬድ የሚያስተካክል እንክብል፣ ሜትፎርሚን (የስኳር መድኃኒት)፣ መውለድ ለምትፈልግ ደግሞ ሌትሮዞል (እንቁላል እንዲለቀቅ የሚረዳ መድኃኒት) አለ፤ ሐኪም ነው የሚያዘው።

የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊንም ስኳር ከደም ይወስዳል፣ ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጅሬን ዳገቱን አብረን መውጣት ጀምረናል። ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው፤ አብሬያት እገባለሁ፣ የስኳርና የታይሮይድ ምርመራ ካላዘዙላት እኛው እንጠይቃለን።