መጋዙ፣ መኪናውና የእትዬ ገብስ

ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 14

ዛሬ ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ጋራዡ ገባሁ። እንጨት አልቆረጥኩም፤ ሜትርና ጠመኔ ይዤ ወለሉን ስለካ አመሸሁ።

ባለፈው ሳምንት የሆነው አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም። ባለ 4 ሜትር ሞራሌ (የተሰነጠቀ ረጅም የግንባታ እንጨት) ልቆርጥ ማይተር ማሽኑን፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች የሚቆርጠውን የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ መሬት ላይ አስቀምጬ የእንጨቱን ጫፍ ጄሪካን ላይ አሳረፍኩት። ቆርጬ ልጨርስ ስል ጄሪካኑ ተንሸራተተ፤ እንጨቱ ተንጋደደና ዲስኩን ነከሰው። ማሽኑ ጓ ብሎ ወደ ላይ ዘለለ። ግራ እጄ ከዲስኩ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ነበር። ተመስገን! የዚያን ዕለት ማታ ነው ለማሽኑ ቋሚ ቦታ ሳልሠራለት ሁለተኛ እንደማልነካው የወሰንኩት።

ችግሩ ጋራዡ የኔ ብቻ አለመሆኑ ነው። ስፋቱ 3.20፣ ርዝመቱ 5.80 ሜትር ነው። ማታ ማታ የጋሼ መኪና ያድርበታል፤ ከበስተኋላው ግድግዳ ሥር ደግሞ እትዬ ዘንድሮ ከገጠር ያስመጡት ገብስ በማዳበሪያ ተደርድሯል።

መጀመሪያ ማሽኑን ረጅሙ ግድግዳ መሃል ላይ ላደርገው ነበር። ሳስበው አልሆነም፤ ባለ 4 ሜትሩን ሞራሌ ጫፉን ብቻ ልከርክም ብል በአንድ ወገን ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ በሩ አስጠጋዋለሁ። ከኋላ ግድግዳ 4.10 ሜትር ተለክቶ እዚያ ይቀመጣል፤ ከበሩ በኩል ያለው እንጨት ሲረዝም በሩን ከፍቼ ወደ ግቢው አወጣዋለሁ።

የማሽኑ ወለል ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ 9 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በግራና በቀኝ የማደርጋቸው መደገፊያዎችም ከዚያ ጋር ልክ መሆን አለባቸው፤ ከፍ ካሉ እንጨቱ ይነሣል፣ ዝቅ ካሉ ጫፉ ይወድቃል። የጋራዡ ወለል ውሃ እንዲወርድ ወደ በሩ ስለሚያዘቀዝቅ የውሃ ልክ እዚህ ብዙ አይረዳኝም። ከማሽኑ ወለል ላይ ሲባጎ ወጥሬ እግሮቹን በብሎን እያስተካከልኩ ከሲባጎው ጋር አገጥማቸዋለሁ። ኮላም ለጊዜው ይቅር፤ ነጩ ኮላ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ጥሩ አይዝም፣ እዚህ ደግሞ የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ነው። ሁሉንም በቪቲ (በእንጨት ብሎን) አጠብቀዋለሁ። የበሩ በኩል መደገፊያ በማጠፊያ የሚወርድ ይሆናል፤ መኪናው ሲገባ ይታጠፋል።

ከሁሉም ያሳሰበኝ ሰጋቱራው ነው። ትናንት አንዱን ማዳበሪያ ፈትቼ ከላይ ያለውን ገብስ መዳፌ ላይ ዘረገፍኩት። በፍሬዎቹ ስንጥቅ ውስጥ ደቃቅ የባሕር ዛፍ ብናኝ ገብቷል፤ እፍ ብለው አልለቅ አለ። ይህ ነገ ተቆልቶ ተፈጭቶ በሶ የሚሆን እህል ነው። አፈርኩ። እትዬ ግን አልተቆጡኝም።

«ልጄ፣ እንጨትህን ቁረጥ፤ ገብሴን ግን አደራ» ነው ያሉኝ።

ማዳበሪያዎቹን ጣውላ ላይ አንሥቼ በሸራ እሸፍናቸዋለሁ። ከማሽኑ ኋላ ብናኙን የሚይዝ የችፑድ ሳጥን እሠራለሁ፤ ከማስወጫው አፍ ላይም ከረጢት አስራለሁ። የመብራቱንም ነገር ከእትዬ ጋር ተነጋግረናል። መጋዙ 1,800 ዋት ነው፣ ምጣዱ ደግሞ ከእሱ ይብሳል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ብሬከሩ ይወርዳል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻ እቆርጣለሁ።

ወደ 1 ሰዓት ገደማ ጋሼ መጡ። የጠረጴዛውን የ60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሬ ነበርና መኪናቸውን ቀስ ብለው አስገብተው፣ ወርደው መስመሩን አዩት። ምንም ሳይናገሩ ተመልሰው ገቡ፤ ወደ ኋላ ወጥተው መኪናውን ወደ ወዲያኛው ግድግዳ አስጠግተው አቆሙት።

«አሁንስ?» አሉኝ በመስኮት።

ሜትሩን ዘረጋሁ። 94 ሴንቲ ሜትር። እንጨት ተሸክሜ አልፋለሁ።