እንጆሪዬና የክረምቱ ደመና

የነሐሴ ፀሐይ ነገር ያስቀኛል። ወሩ ሊያልቅ ሲል እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትሆናለች። ግን ማን ያያታል? እዚህ ሱሉልታ፣ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ደመናው ከጣሪያችን አይነሳም። የጓሮዬ እንጆሪም ሰሞኑን ለግሟል። ቅጠሉ ለምለም ነው። ፍሬው ግን ኮስሷል፤ ሲቀምሱት ውሃ ውሃ ይላል።

አጥር የምንጋራቸው እማማ «ዝናቡ አጥቦት ነው» ይላሉ። ዝናቡም አለበት፣ ግራጫውን ሻጋታ የሚያመጣው እርጥበቱ ነው። እኔ ግን ይበልጥ የምጠረጥረው ብርሃኑን ነው።

ስለ እንጆሪ የሚነገረን ምክር አብዛኛው የፈረንጅ አገር ነው። እዚያ ትልቁ ጉዳይ የቀን ርዝመት ነው። እነ ካማሮሳና ቻንድለር የሚባሉት የእንጆሪ ዝርያዎች አበባ የሚይዙት የቀኑ ብርሃን ከ14 ሰዓት ገደማ ሲያንስ ወይም ሲቀዘቅዝ ነው። ቀኑ ሲረዝምና ሲሞቅ አበባውን ትተው መሬት ለመሬት እየተሳበ አዲስ ችግኝ የሚያበቅል ቅጥያ ይሰዳሉ። አልቢዮን የሚባለው ዝርያ ደግሞ የቀኑ ማጠር መርዘም ብዙም አይገደውም።

እኛ ዘንድስ? አዲስ አበባ ከምድር ወገብ የምትርቀው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የሰኔው ረጅም ቀን ከታኅሣሡ አጭር ቀን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከምናምን ነው፤ 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ለእነ ካማሮሳ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ አጭር ነው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ችግኝ «ቀን አይመርጥም» ስለተባለ ብቻ ዋጋ መጨመር አይዋጥልኝም። ለጣዕሙ ከሆነ እሺ። ጣጣው ቅጥያው ላይ ነው። እነ ካማሮሳ በአጭር ቀን ቅጥያ ይሰስታሉ፤ ችግኝ ማብዛት የፈለገ ያረጀውን እናት ተክል ነቅሎ እየከፈለ ይተክላል።

እና እኛን የቸገረን የቀኑ ርዝመት ሳይሆን የብርሃኑ መጠን ነው። እንጆሪ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት፣ ቢቻል ስምንት፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ቅጠሉ ስኳር የሚሠራው በብርሃን ነው። ብርሃን ሲጎድል መጀመሪያ የሚጎዳው ፍሬው ነው። ቅጠሉማ ጥላ ውስጥ ሰፋ ብሎ ያምራል፣ ሰው ያታልላል። ደመናና ብርድ ሲሆን ንብም እንደልቧ አትወጣም። ፍሬው ላይ የምናያቸው ጥቃቅን ዘሮች እያንዳንዳቸው በአበባው ጊዜ ዱቄተ ዘር፣ ማለትም ንብ የምታመላልሰውን የአበባ ብናኝ፣ መቀበል አለባቸው፤ ያልደረሳቸው ቦታ ሥጋው አይሞላም። ያ ጎባጣ፣ ጎዶሎ ፍሬ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ላስቲክ መወጠር ዝናቡን ይከላከላል። ግን አቧራና አረንጓዴ ሽበት የያዘ ላስቲክ ያለችንንም ብርሃን ይቀማል። መታጠብ አለበት።

በጋውም የራሱ ነገር አለው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ በደቡብ በኩል ያለ የሁለት ሜትር አጥር እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከአንድ ሜትር በላይ ጥላ ወደ ጓሮ ይጥላል። የግቢው ሁሉ አጥር ብሎኬት እየሆነ ስለሆነ አዲሱን መደብ ወደ ሰሜኑ ጥግ ላወጣው ነው።

የቀረኝ የእማማ ባሕር ዛፍ ነው። በምሥራቅ በኩል ቆሞ የጠዋቷን ፀሐይ ይከልልብኛል። በክረምት ደግሞ ፀሐይ ብቅ ካለች ጠዋት ናት። ትናንት እየፈራሁ አነሳሁባቸው።

«ማገዶው የኔ ከሆነ አስመልምዪው» አሉኝ።

ከመስቀል በፊት መጥረቢያ ያለው ሰው እፈልጋለሁ።