ግሽ ዓባይ ስትመጡ ፏፏቴ አትጠብቁ

የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ግሽ ዓባይ ያለበት የሰከላ ልጅ ነኝ። ይህን የሰማ ሁሉ የሚለኝ ያው ነው፦ «እንግዲያ ዓባይ የሚነሳበትን አሳየን!»

አሳያለሁ። ግን መኪና ውስጥ ሳንገባ እነግራቸዋለሁ፤ ፏፏቴ ካማራችሁ ጢስ ዓባይ ሂዱ። ግሽ ዓባይ ያለው ምንጭ ነው፤ ያውም ትንሽዬ። ብነግራቸውም አይሰሙም። ደርሰው ያዩትና «በቃ ይሄ ነው?» ይላሉ። አዎ፣ ይሄ ነው። ከዚህ ተነስቶ ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና ይገባል፤ ከጣና ወጥቶ ደግሞ ሱዳንና ግብፅ ይወርዳል።

ለእኛ ምንጩ መጀመሪያ ጠበል ነው። ስለዚህ ጠዋት ቁርስ ሳትበሉ ሂዱ፤ ጫማችሁንም አውልቁ። እ.ኤ.አ. በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ እንኳ ጫማ ሳያወልቅ እንዳይጠጋ ተደርጓል፤ ራሱ ነው የጻፈው። እሱ «ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ» ባይ ነበር። ፖርቹጋሎች የላኩት ጴድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 ቀድሞት መጥቷል። የአገሬው ሰው ከሁለቱም በፊት እዚያው ይጠመቅ ነበር፤ እሱን ማን ይቁጠረው!

ቦታው ከአቡነ ዘርዐ ቡሩክ ጋር የተያያዘ ነው። ሊታሰሩ ሲወሰዱ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጡ፤ ከእስር ሲመለሱ ውኃው ሳያርስ መለሰላቸው ይባላል። በዓላቸው ጥር 13 ነው። ያኔ ከመጣችሁ ጥቂት ቀን ቆዩና እንጅባራ ድረሱ፤ ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል አለ። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች ለማሰብ። ያጌጠ ፈረስ ሲጋልብ ቆሞ ማየት አንድ ነገር ነው። እኔ ግን በጣም የምወደው ከግልቢያው በፊት ያለውን ሰዓት ነው፤ ባለቤቱ ኮርቻውን እያጠበቀ ከፈረሱ ጋር ሲያወራ።

ሰከላ ደጋ ነው፤ ጋቢ ያዙ። ሆቴል ብላችሁ ብዙ አትጠብቁ። ምግቡ ግን ድንች ነው፤ እንደ ሰከላ ድንች የለም፣ አልከራከርም። አክስቴ ቀቅላ ከነልጣጩ በሰፌድ ታቀርብና አዋዜውን ከጎን ታስቀምጣለች። እንግዳ ጠግቤያለሁ ሲል «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!» ትላለች። አንዲቷ አምስት ትሆናለች። ዋ! የአክስቴን ቃል መግፋት አይቻልም።

መንገዱ ከቲሊሊ ይገነጠላል። በክረምት ጭቃው አይቻልም። የአገሩን ሁኔታ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

ወደ እንጅባራ ስትመለሱ ዘንገና ሐይቅን ሳታዩ እንዳታልፉ። ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም፤ እሳተ ገሞራ የሠራው ክብ ሐይቅ ነው፣ ዙሪያውን ደን። ጸጥ ያለ ስለሚመስል ልዋኝ የሚል አይጠፋም። ጥልቀቱ 166 ሜትር መሆኑን ስነግረው ሸሚዙን መልሶ ይቆልፋል።