«ጂ» ማለት ትልቅ መስሎኝ

ካናዳ ውስጥ ልብስ ስትገዙ አንገቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ጨርቅ ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ። በሁለት ቋንቋ ነው የሚጻፈው። ብዙ ጊዜ ኤል ካለ አጠገቡ ጂ አለ። በፈረንሳይኛ «ግራንድ» ለማለት ነው፤ ትልቅ። ይህችን እውቀት ያገኘኋት ኤድመንተን በገባሁ በመጀመሪያው የበረዶ ወር ጃኬት ስገዛ ነው። ኮርቼባት ነበር። ጉድ የሠራችኝም እሷው ናት።

ነገሩ የሆነው በጁን 2024 ነው። የከተማችን የበረዶ ሆኪ ቡድን ኦይለርስ ለስታንሊ ካፕ ፍጻሜ ደርሶ ከፍሎሪዳ ፓንተርስ ጋር ይጫወት ነበር። ፍጻሜው እንደ እግር ኳሱ በአንድ ቀን አያልቅም። ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። እኛ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ተሸንፈን ቁጭ ብለናል። ፍጻሜ ላይ ሦስት ለዜሮ ተመርቶ፣ ከዚያ ተነስቶ ዋንጫ የበላ አንድ ቡድን ብቻ ነው፤ የቶሮንቶው ሜፕል ሊፍስ፣ እሱም በ1942። ጃንሆይ ከስደት ከተመለሱ ገና አንድ ዓመታቸው ነበር።

እኔ እንግዲህ በዚህ ሰዓት ነው ማልያ ልግዛ ብዬ የተነሳሁት። ምክንያቴ ፍቅር አይደለም፣ ዋጋ ነው። ተጫዋቾቹ የሚለብሱት ዓይነት አዲስ ማልያ ከ200 ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር። በሦስተኛው ሽንፈት ማግስት ግን አንድ ተስፋ የቆረጠ ሰውዬ ብርቱካንማውን ማልያ ኢንተርኔት ላይ በ60 ዶላር አወጣው። «58ጂ፣ ብዙም ያልተለበሰ» ይላል። 58ቱን የሞዴል ቁጥር ነው ብዬ አለፍኩት። ጂዋን ግን አውቃታለሁ! እኔ ኤም ነኝ፤ አንድ ቁጥር ሰፋ ቢል ከውስጥ ሹራብ እለብስበታለሁ ብዬ ከነፍኩ።

ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ለራስህ ነው?»

«አዎ።»

ትከሻውን ነቀነቀና ብሩን ተቀበለኝ።

ቤት ገብቼ ለበስኩት። ለበስኩት ከማለት ገባሁበት ማለት ይሻላል። ቁመቴ 1 ሜትር ከ68 ነው፣ ክብደቴ 62 ኪሎ። ጫፉ ጉልበቴ ላይ አረፈ። እጅጌው ጣቶቼን አልፎ ተንጠለጠለ፤ ስፋቱም አንድ እጅጌ ውስጥ ሁለት እግሬን ያስገባል። ባለቤቴ ከማድ ቤት ብቅ ብላ «ቀሚሱን ከየት አመጣኸው?» አለችኝ። የአራት ዓመቷ ልጄ በበኩሏ ጊዜ አላጠፋችም። ከሥር ገብታ በሆዴ በኩል ወጣችና ጭንቅላቷን በአንገቱ ከእኔ ጎን ብቅ አደረገች። ሁለታችንም ተመችቶናል።

ይባስ ብሎ ከጀርባው በውስጥ በኩል አንድ ጠንካራ ማሰሪያ ተሰፍቷል። ባለቤቴ ያዝ አድርጋ ተመለከተችው። «ማዘያም አለው እኮ! አንቀልባ ነው የሸጡልህ።»

60 ዶላር ከፍዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አላስቀምጠውም። ቅዳሜ አራተኛውን ጨዋታ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ለማየት ለብሼው ሄድኩ። መጋዘናችን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ማለትም ዕቃ ማንሻ መኪና፣ የሚነዳ አንድ ጠና ያለ ካናዳዊ አለ፤ ዕድሜውን በሙሉ ሆኪ ሲጫወት የኖረ። ገና ከበር ሲያየኝ ቢራውን አስቀመጠ። መጥቶ አንገቴን ገልብጦ አነበበ። ከዚያ ሳቅ ወዝውዞት ግድግዳ ተደገፈ።

«ይሄ እኮ የበረኛ ነው!»

ጂ ለካ «ጎሊ» ኖሯል። የሆኪ በረኛ ከውስጥ ፍራሽ የሚያክል የደረትና የክንድ መከላከያ ስለሚለብስ ማልያው በወገቡም በእጅጌውም ለብቻው ሰፋ ተደርጎ ይዘጋጃል። 58ቱም የሞዴል ቁጥር አይደለም፣ ልኩ ነው። ሰውዬው በጣቱ እየቆጠረ አስረዳኝ። አዲዳስ ያኔ ለደጋፊ ይሸጠው በነበረው ባለቁጥር ማልያ 46 ትንሽ ነው፣ 50 መካከለኛ፣ 52 ትልቅ፣ 54 ኤክስኤል። 48 የት ገባ? የለም፤ ተዘሏል። ለራሳቸው ለተጫዋቾቹ የሚዘጋጀው ደግሞ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ከሱቁ ሰፋ ይላል፤ እነሱ የትከሻና የክርን መከላከያ አለባቸው። የእኔው የተጫዋች፣ ያውም የበረኛ። አንተ 50 ነህ አለኝ። በሚቀጥለው ደግሞ የሚመችህን ሹራብ አልጋ ላይ ዘርግተህ ከብብት እስከ ብብት ለካውና ያንን ከሚሸጠው ማልያ ልኬት ጋር አስተያይ፤ ፊደል አትመን። በብርድ ውጭ ቆመህ የምታይ ከሆነ ብቻ አንድ ቁጥር ጨምር።

ማሰሪያውንም ጠየቅኩት። ከሱሪው ጋር የሚታሰር ነው። ጠብ ሲነሳ ባላጋራ ማልያህን ገፎ ጭንቅላትህ ላይ እንዳይደፋብህ። ሳይታሰር ተደባድቦ ማልያው የወለቀበት ተጫዋች በሕጉ ይቀጣል አለኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ዝም አልኩ። በእኛ አገር ኳስ ጠብ ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። እዚህ ልብስ ሰፊው አስቦበታል።

ሲያበቃ አዘነልኝ መሰለኝ፣ የማልያዬን የቀኝ ጫፍ ብቻ ይዞ ሱሪዬ ውስጥ ከተተው። «ግሬትስኪም እንዲህ ነበር የሚለብሰው» አለኝ። የቀድሞው የኦይለርስ ኮከብ ዌይን ግሬትስኪ ማለት ለኤድመንተን ሰው ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። 99 ቁጥሩን ዛሬ በመላው ኤንኤችኤል፣ በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ፣ ማንም አይለብሳትም። እሱም በስድስት ዓመቱ ከአሥር ዓመት ልጆች ጋር ሲጫወት ማልያው ረዝሞበት፣ አባቱ በአንድ በኩል ሱሪው ውስጥ ከተቱለት። አድጎ፣ ማልያው ልኩ ሆኖ፣ ኮከብ ሆኖም አልተወውም። እኔ ግን 39 ዓመቴ ነው። ከእንግዲህ የማድግ አይመስለኝም።

ያን ማታ 8 ለ1 አሸነፍን።

የፎርክሊፍቱ ሰውዬ ዞሮ አየኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። «ማልያው ነው» አሉ። ልሸጠው ነው ስላቸው ሊውጡኝ። እንዳትሸጠው፣ እንዳትቀይረው፣ በተለይ በተለይ እንዳታጥበው! እኛ ነን ሟርትና ገድ እናምናለን የምንባለው? ማክሰኞ ፍሎሪዳ ላይ 5 ለ3 አሸነፍን። መጋዘኑ ውስጥ የማያውቁኝ ሰዎች ሰላም ይሉኝ ጀመር።

ዓርብ ስድስተኛውን ጨዋታ ያየሁት የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት ነው። በዓለ ሃምሳ ገና ስላላለቀ ዓርብም ቢሆን ሥጋ ይበላል። ማዕዱ ሙሉ ነው፣ ቤቱ ጢም ብሏል። እጅጌዬን ሦስት ጊዜ ጠቅልዬ ጎረስኩ። ሁለተኛው ጎል ሲገባ እጄን ወደ ላይ ወረወርኩ፤ ጥቅልሉ ተፈታ። እጄን ስመልስ እጅጌው ከእጄ ቀድሞ ቀይ ወጡ መሀል አረፈ። ሳወጣው ደግሞ ግማሹን ወጥ ይዞ ወጣና ጎኔ ለተቀመጡት እናት ነጠላ ላይ አንዲት ጠብታ ጣለ።

«ልጄ» አሉኝ ረጋ ብለው፣ «እጅህን ብቻ ነው የጠራነው።»

5 ለ1 አሸነፍን። ሦስት ለሦስት ሆነ። ከተማው አበደ። ጁን ውስጥ እዚህ ፀሐይ እስከ አራት ሰዓት ማታ አትጠልቅም፤ ሰው ገና በፀሐይ ጀምሮ ሲጨፍር አመሸ። እኔ እጅጌዬ ቅቤ ቅቤ እየሸተተ ቤቴ ገባሁ። ማልያውን በር ጀርባ ሰቅዬ ማንም እንዳይነካው አልኩ።

እሑድ ከሰዓት ከሥራ ስመለስ ማልያው በረንዳው ላይ ተሰጥቷል። ነጭ የላስቲክ መቆንጠጫ በሁለት ትከሻው፤ ንፋስ ሲነፋው እንደ ድንኳን ይነፋፋል። ቀይ ወጡ ለቋል። ደክሞኝ በረንዳው ደፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምነው?» አለች ባለቤቴ። «ነገ የሰኔ ጾም ይገባል። ቅቤ በቅቤ የሆነ ልብስ በር ላይ ሰቅለህ ልትጾም ነው?»

መልስ የለኝም።

ሰኞ ማታ ሰባተኛው ጨዋታ። 2 ለ1። ተሸነፍን። ኤድመንተን ዋንጫውን ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳው በ1990 ነው፤ እዚያው ላይ ቆየ።

ማክሰኞ ጠዋት መጋዘኑ ለቅሶ ቤት ይመስላል። ፎርክሊፍቱ ሳጥን ተሸክሞ ከሩቅ መጣ። አጠገቤ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ፣ ዓይኔን እያየ። «ማልያውን አጥበኸዋል?»

«እኔ?» አልኩት። «እኔ አላጠብኩትም።»