ለትንሽ ጥይት ትንሽ መቀባበያ

አያቴ ጎጃም ውስጥ አንድ ሞዘር ነበረው። ልጅ ስለነበርኩ መተኮስ አይፈቀድልኝም፤ መወልወሉ ግን የኔ ሥራ ነበር። ካዝናው ባዶ መሆኑን ራሱ አይቶ ይሰጠኛል። መቀባበያውን ስስበው ክርኔ ከጎኔ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። የሞዘሩ ጥይት ከጫፍ እስከ ጫፍ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። መቀባበያው ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ካልተጎተተ ጥይቱን ከካዝናው አንስቶ ሊያጎርስ አይችልም።

ይሄ ነገር ትዝ ያለኝ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ሳውዝ ዳኮታ ሜዳ ላይ በሆዴ ተኝቼ ነው።

የምኖረው ሱ ፎልስ ነው፤ የምሠራው ሥጋ ፋብሪካ። አብሮኝ ቢላ የሚይዝ ባልደረባዬ ቤተሰቦቹ ከሚዙሪ ወንዝ ማዶ፣ በስተምዕራብ በኩል፣ ከብት ያረባሉ። በየበጋው ይወስደኛል። ግጦሹ በፕሬሪ ዶግ ጉድጓድ የተበሳሳ ነው። ፕሬሪ ዶግ አይታችሁ የማታውቁ፣ ፍልፈል በጠራራ ፀሐይ ወጥቶ በኋላ እግሩ ሲቆም አስቡ። ሳሩን ከሥሩ ግጠው መሬቱን ያራቁቱታል። ባለመሬቶቹ አዳኝ ሲመጣላቸው ደስ ይላቸዋል።

ለዚህ ዓይነት አደን ብዙ ሰው የሚይዘው 223 ሬሚንግተን የምትባል ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ሙሉ ጥይቷ 57 ሚሊ ሜትር ናት። 308 ዊንቸስተር 71 ነው፣ 30-06 ደግሞ 85። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ለረጅም ጊዜ በብዛት የሠሩት ሁለት ልክ መቀባበያ ነው፤ አጭሩ ለ308፣ ረጅሙ ለ30-06። እዚህ ሰዉ ሾርት አክሽን፣ ሎንግ አክሽን ይላል። 223 የራሷ ልክ ስለሌላት በ308ቱ ውስጥ ትገባለች። አጭር በተባለው ውስጥ እንኳ 14 ሚሊ ሜትር ትርፍ ቦታ አላት ማለት ነው።

የመጀመሪያ ጠመንጃዬ እንደዚያ ነበር። የሠራውን ፋብሪካ ስም አልጠራም። ካዝናውን ስከፍተው ከኋላ በኩል የፕላስቲክ ቁራጭ ተወትፎበታል፤ ጥይቷ እንዳትንሸራተት ነው። እሱ ባልከፋ። የከፋው ሌላ ነው። አንድ ቀን ባልደረባዬ በመነጽር እያየልኝ ሁለቱን አከታትዬ መታሁ። ሦስተኛው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል። ቸኩዬ ሳብኩ፣ ገፋሁ፣ ቃታውን ነካሁ። ቀጭ! ባዶ ነው። ቀለሁ ወጥቷል፣ አዲሷ ጥይት ግን አልጎረሰችም። መቀባበያውን እስከ መጨረሻው አልሳብኩትም ነበር። እጄ የሚያስበው በጥይቷ ርዝመት ነው፤ ብረቱ ግን የተሠራው በሌላ ጥይት ርዝመት ነው።

ሌላም አለ። ረጅም መቀባበያ ሲሳብ ጭራው ወደ ጉንጭ ይመጣል። ሳታስቡት ጭንቅላታችሁን ቀና ታደርጋላችሁ፤ ዓይናችሁ ከስኮፑ፣ ከማነጣጠሪያው መነጽር፣ ይወጣል። 223 ትንሽ ስለምትራገጥ ዓይናችሁን ካላነሣችሁ ጥይቷ ያረፈችበትን ራሳችሁ ታያላችሁ። 200 ሜትሩን የምትጨርሰው በሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። ንፋሱ በማይተኛበት አገር አቧራው የት እንደተነሣ ማየት ለኔ ከምንም በላይ ነው። ቀጣዩን የማስተካክለው በዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ሲዜድ 527 የሚባል ጠመንጃ ያገኘሁት። ያገለገለ ነው፣ የቼክ ሥራ። ያለ ስኮፕ 3 ኪሎ አይሞላም። መቀባበያው ገና ከመጀመሪያው የተሠራው ለእንደዚህ ዓይነት ትንንሽ ጥይቶች ነው። ቀጭን ነው፤ የ223 ቀለህ ቂጡ 9.6 ሚሊ ሜትር፣ የ308ቱ 12 ነውና መወፈር አያስፈልገውም። ሱቁ ውስጥ አውጥቼ መዳፌ ላይ ሳስቀምጠው ደነገጥኩ። ጎኑ ላይ አንድ ረጅም የብረት ጥፍር ተለጥፏል። ጥይቷን ገና ከካዝናው ስትወጣ ይይዛታል፣ ቀለሁ እስኪወጣ ድረስም አይለቃትም። ይሄን ጥፍር አውቀዋለሁ። በዘይት ጨርቅ ስንት ጊዜ ወልውየዋለሁ። የአያቴ ሞዘር ጥፍር ነው፣ አንሶ።

አሁን እጄን ትንሽ ስስብ ያልቃል። ጉንጬ ከሰደፉ አይነሣም። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ የ527 ሴፍቲ ከለመድነው የተገላቢጦሽ ነው። ወደ ፊት ሲገፋ ይቆልፋል፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ይከፍታል። ለሌላ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ይሄን ደጋግማችሁ አስረዱ። እኔ ባልደረባዬን በባዶ ጠመንጃ ግማሽ ሰዓት አለማምጄዋለሁ።

ትንሽ አክሽን ለሁሉም ይሆናል አልልም። ካዝናው አጭር ስለሆነ ረጃጅምና ከባድ አረሮች አይገቡበትም። በ223 ሩቅ ዒላማ መምታት የሚፈልግ፣ 75 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) አረር ከቀለሁ ወደ ውጭ አርቆ የሚገጥም ሰው፣ ያ እኔ የወቀስኩት ትርፍ ቦታ ይጠቅመዋል። የኔ 55 ግሬን ነው፣ አንዳንዴም 40። 22-250 የምትባለዋን ጥይት ለሚወድም አይሆንም፤ የሷ ቀለህ ቂጡ እንደ 308ቱ ነው። ቲካ የሚባለው ጠመንጃ ሠሪ ደግሞ ለሁሉም ጥይት አንድ ርዝመት ይሠራና መቀባበያው የሚቆምበትን ብቻ ይለዋውጣል። ተኩሼበታለሁ፤ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። የቲካ ወዳጆች ሲሟገቱኝ ዝም የምለው ለዚህ ነው።

ፊንላንዶቹ ጠመንጃ ሠሪዎች ሳኮዎች ግን ነገሩ ቀድሞ ገብቷቸዋል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቪክሰን፣ ፎሬስተር፣ ፊንቤር ብለው ሦስት ልክ ይሠሩ ነበር። ቪክሰን 222 ለምትባል ትንሽ ጥይትና ለመሰሎቿ ነበረች። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዘንድ አንዷን ይዤ አይቻለሁ፤ ለመመለስ ከበደኝ። 527 ዛሬ አይመረትም። አዲስ የሚፈልግ የጃፓኖቹን ሆዋ ሚኒ አክሽን ይይ።

ባለፈው ሰሞን የመቀባበያውን ፎቶ ለአጎቴ ላክሁለት። የአያቴ ሞዘር የደረሰው ለሱ ነው። ማታውኑ ደወለ። ስለ ርዝመቱ፣ ስለ ጥፍሩ ልነግረው ስዘጋጅ እሱ ቀደመኝ።

«ስንት ጎራሽ ነው?»

«አምስት።»

«የአባታችንም አምስት ነው» አለኝ። ከስልኩ ማዶ መቀባበያው ሲሳብና ሲመለስ ሰማሁት።