እንደ ተልባ

ትናንት አክስቴ ሆዷን አልትራሳውንድ ልትታይ ከዘጌ በጀልባ መጣች። ቁርስ በልታ ነበርና «ነገ በባዶ ሆድ ኑ» ተባልን። ሰው ሲበላ የሐሞት ከረጢት ይኮማተራል፤ ጠጠር ቢኖር እንኳ በደንብ አይታይም። ለ8 ሰዓት ያህል ሳይበሉ መቆየት ያስፈልጋል። ቀጠሮ ሲሰጧት ይቺን አንድ ነገር የሚነግራት ሰው ጠፋ! በጣም ነው የከፋኝ።

እኔ ጋ አደረችና ዛሬ በጠዋት ሄድን። ተራ ስንጠብቅ እጄን ያዝ አድርጋ «ጨረሩ ያቃጥላል እንዴ?» አለችኝ። ለካ ሌሊቱን ስትገላበጥ ያደረችው ለዚህ ነው።

ገባን። ባለሙያው ልጅ ፊቷን አየት አደረገና ሆድ ላይ የሚቀባውን ጄል መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገላት። «ትንሽ ይቀዘቅዛል እማማ፣ ሌላ ምንም የለውም። ጨረር አይደለም፣ ድምፅ ነው። ጄሉ የሚቀባው፣ አየር በመሃል ገብቶ ድምፁን እንዳያግደው ነው።» አክስቴ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው። «እንደ ተልባ ነው» አለች። ትከሻዋ ሲላላ አየሁት።

ከዚያ «ትንፋሽዎን ይሳቡ፣ ይያዙት፣ በግራ ጎንዎ ይዙሩ።» 20 ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ከእኛ በፊት የገባችው ልጅ ደግሞ ሽንት ቤት ደርሳ በመምጣቷ እንደገና ውሃ እየጠጣች ትጠብቃለች። ማህፀን በሆድ በኩል ሲታይ ፊኛ መሙላት አለበት። ለእሷም አልነገሯትም። እባካችሁ ቀጠሮ ስትይዙ ልብላ? ልጠጣ? ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ ጀልባው ስሸኛት አንዲት ጎረቤቷ ጨረር ፈርታ ቀጠሮዋን እንደተወች ነገረችኝ። «ዛሬውኑ ቤቷ ሄጄ እነግራታለሁ» አለች።